ከጣራው በፊት ገመዱ፦ በቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ላይ በከፍታ ለሚሠሩ ሰዎች የመውደቅ መከላከያ አመራረጥና አጠቃቀም

የክረምቱ ዝናብ ባቆመ ጊዜ በየአጥቢያው የሚደረገው ነገር ተመሳሳይ ነው። ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ጣራው የት የት እንደሚያፈስ ይጠይቃል፤ ቆርቆሮው፣ ሚስማሩ፣ ቀለሙና ሲሚንቶው በዝርዝር ይጻፋል፤ የአናጢውና የግንበኛው የእጅ ዋጋ ይገመታል፤ ሥራውም ከንግሥ በዓሉ አስቀድሞ እንዲፈጸም ቀን ይቆረጣል። በብዙዎቹ ዝርዝሮች ላይ ግን አንድ መስመር ይጎድላል። እርሱም ወደ ጉልላቱ የሚወጣው ሰው እግሩ ቢያዳልጠው ምን እንደሚይዘው የሚናገረው መስመር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለሰበካ ጉባኤያት፣ ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎችና ለካህናት አባቶች ልናስረዳ የምንወደው ዋና ነገር አንድ ነው፤ በጣራ ላይ የሚሠራ ሰው ደኅንነት የሚወሰነው በጣራው ላይ ሳይሆን በጉባኤው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሠራተኛው አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ሊመርጠው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ገመዱ ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ በምን ላይ እንደሚታሰር፣ ቢወድቅ ማን እንደሚያወርደው አስቀድሞ ያልታሰበ እንደ ሆነ በእጁ የሚቀረው የራሱ ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ይህ ኃላፊነት ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ትምህርት አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ሕጉ የሚናገረው ለወደቀው ሰው ሳይሆን ለቤቱ ባለቤት መሆኑን ልብ ይሏል። የአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙ እንዲያስረዳ ግዴታ ይጥልበታል።

መውደቅ ምን ያደርጋል?

ሰው ከፍታን በዓይኑ ይለካዋል እንጂ በጊዜ አይለካውም። ከ4 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ሰው መሬት ለመድረስ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ10 ሜትር ቢወድቅ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ «ቢያዳልጠኝ አንድ ነገር ይዤ እቆማለሁ» የሚለው ተስፋ መሠረት የለውም፤ እጅ ለመያዝ ከመዘርጋቱ በፊት መውደቁ ተፈጽሟልና።

ሰውን የሚጎዳው ደግሞ መውደቁ ብቻ ሳይሆን በድንገት መቆሙ ጭምር ነው። 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 2 ሜትር ወድቆ በማይለጠጥ ገመድ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ በሰውነቱም በገመዱም በማሰሪያውም ላይ የሚያርፈው ኃይል በአማካይ ከ1,600 ኪሎ ግራም ክብደት ይበልጣል። ገመዱ ባይበጠስ እንኳ የሰውየው አከርካሪና የውስጥ አካላት ይህን ኃይል አይችሉትም። «ገመድ አስረናል» ማለት ብቻውን «ሰውን ጠብቀናል» ማለት የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መከላከያው ብዙ ክፍሎች ያሉት አንድ ሰንሰለት ነው፤ ከክፍሎቹ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ዋጋ ያጣሉ።

በቅድሚያ ከፍታውን መቀነስ

በሥራ ደኅንነት ዘርፍ በብዙ አገሮች ተቀባይነት ያገኘ ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ በከፍታ ላይ መሥራትን ማስቀረት፣ ካልተቻለ ሰው እንዳይወድቅ ማገድ፣ እርሱም ካልተቻለ የወደቀውን መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የብሪታንያ የከፍታ ሥራ ደንብ የተመሠረተውም በዚሁ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ገመድ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ የሚመጣ በመሆኑ ኮሚቴው ስለ ገመድ ከመነጋገሩ በፊት የመጀመሪያውን ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባዋል።

በቤተ ክርስቲያን ሥራ ይህ ብዙ ጊዜ የሚቻል ነው። የጉልላቱ ብረት በመሬት ላይ ተበይዶና ቀለም ተቀብቶ ሊነሣ ይችላል። ቆርቆሮውም ከመነሣቱ በፊት በመሬት ላይ ሊቀባ ይችላል። የግድግዳ ሥዕልን በሸራ ላይ ሥሎ በግድግዳው ላይ መለጠፍ የቆየ የሠዓሊዎቻችን ልማድ ነው፤ ይህ ልማድ ሠዓሊው በከፍታ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ከሳምንታት ወደ ቀናት ያሳጥረዋል። የዝናብ መውረጃ አሸንዳም ብዙ ጊዜ በረጅም ዘንግ ከመሬት ሆኖ ሊጠረግ ይችላል።

መውጣት ግድ ሲሆን ደግሞ በአግባቡ የቆመ፣ ዙሪያውን መከታ ያለው ርብራብ ከገመድ ይቀድማል። ርብራቡ በላዩ የሚሠሩትን ሁሉ ያለ ማንም ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ገመድ ግን የሚጠብቀው በትክክል የታጠቀውን አንዱን ሰው ብቻ ነው። የአጣና ርብራብ የሚሠራ ከሆነ የተሰነጠቀና ምስጥ የነካው እንጨት እንዳይገባበት፣ ቋሚዎቹም በልቅ ድንጋይ ላይ እንዳይቆሙ መመርመር ያስፈልጋል።

ማገድና መያዝ

በገመድ የሚደረግ መከላከያ ሁለት ዓይነት አሠራር አለው፤ ሁለቱን መለየት ለኮሚቴው እጅግ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ማገድ ነው። የገመዱ ርዝመት ሠራተኛው ወደ ጣራው ጠርዝ እንዳይደርስ ተደርጎ ይለካል። ጠርዙ ከማሰሪያው 5 ሜትር ቢርቅ ገመዱ ከ4 ሜትር አይበልጥም። በዚህ አሠራር ሰውየው ከጠርዙ ሊወድቅ ስለማይችል በገመዱና በማሰሪያው ላይ የሚያርፈው ኃይል አነስተኛ ነው። ጠፍጣፋ ኮንክሪት ጣራና ዝቅተኛ ተዳፋት ላላቸው የአዳራሽና የመማሪያ ክፍል ጣራዎች ይህ ቀላሉና አስተማማኙ መንገድ ነው።

ሁለተኛው መያዝ ነው። ሠራተኛው ከጠርዙ አጠገብ ወይም በቀጥተኛ ከፍታ ላይ መሥራት ግድ ሲሆንበት፣ ቢወድቅ እንኳ መሬት ሳይደርስ የሚይዘው አሠራር ነው። ለጉልላት፣ ለደወል ቤትና ተዳፋቱ ለበዛ ክብ ጣራ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በዚህ አሠራር የመሣሪያው ዓይነት፣ የማሰሪያው ጽናትና ከታች ያለው ባዶ ቦታ ሁሉ በጥንቃቄ መታሰብ አለባቸው።

አሮጌ ቆርቆሮና ብርሃን የሚያሳልፍ የላስቲክ ክዳን ሰው አይሸከሙም። ሠራተኛው ከጠርዙ ርቆ እንኳ ክዳኑ ከሥሩ ተቀዶ ሊወድቅ ስለሚችል፣ እንዲህ ባለ ጣራ ላይ የማገጃ ገመድ ብቻውን አይበቃም። በወራጅና በማገሩ ላይ የሚያርፍ ጣውላ አንጥፎ በእርሱ ላይ መራመድና የመያዣውን አሠራር መጠቀም ያስፈልጋል።

ከደብረ ዳሞ የምንማረው

ሰውን በገመድ ስለ መጠበቅ ስናነሣ በአገራችን ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው የደብረ ዳሞ ገዳም ነው። በትግራይ የሚገኘውና በትውፊት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት ይህ ገዳም የሚወጣው 15 ሜትር ያህል በሚሆን ቀጥ ያለ ገደል ላይ በተንጠለጠለ የጠፍር ገመድ ነው። እንግዳው በዚያ ገመድ ተንጠላጥሎ ሲወጣ ከላይ ያሉት መነኰሳት በወገቡ ላይ የታሰረ ሌላ ጠፍር እየሳቡ ይይዙታል። አንዱ ገመድ የሚወጣበት፣ ሌላው የሚጠበቅበት ነው።

ዛሬ በገመድ ላይ ተንጠልጥለው የሕንፃ መስታወትና ግድግዳ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚከተሉት ሕግ ይኸው ነው፤ አንዱ የሥራ ገመድ፣ ሌላው የደኅንነት ገመድ ይሆናል፤ ሁለቱም በተለያየ ማሰሪያ ላይ ይታሰራሉ። ስለዚህ ሠራተኛው በመሰላል ቢወጣም፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ቢሠራም፣ የሚጠብቀው ገመድ ከሚወጣበት ነገር የተለየ መሆን አለበት። መሰላሉ ሲወድቅ አብሮ የሚወድቅ ማሰሪያ ጥበቃ አይባልም።

ከደብረ ዳሞ የማይወሰድም ነገር አለ። እዚያ በወገብ ላይ የታሰረው ጠፍር ጉዳት ሳያደርስ የሚያገለግለው ከላይ ያለው መነኵሴ በየቅጽበቱ እየሳበ እንዳይላላ ስለሚያደርገው ነው፤ ሰውየው ቢስት እንኳ የሚወድቀው ርቀት የለም። በጣራ ላይ ግን ገመዱ ላልቶ ይቆያል። በላላ ገመድ በወገቡ ብቻ የታሰረ ሰው ሲወድቅ ኃይሉ ሁሉ በሆዱና በአከርካሪው ላይ ያርፋል፤ ሊገለበጥና ከቀበቶው ሾልኮ ሊወጣም ይችላል። አሜሪካ የወገብ ቀበቶን ለመውደቅ መያዣነት እንዳይውል በግንባታ ሥራ የከለከለችው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1998 ጀምሮ በዚህ ምክንያት ነው።

መታጠቂያውና ኃይል መምጠጫው

በወገብ ቀበቶ ፈንታ የሚያስፈልገው ሠራተኞች በተለምዶ «ሴፍቲ ቤልት» ከሚሉት ዕቃዎች መካከል ሙሉ ሰውነትን የሚይዘው ነው። ይህ መታጠቂያ በሁለቱ ትከሻዎች፣ በደረትና በሁለቱ ጭኖች ዙሪያ ይታሰራል፤ መውደቅን የሚይዘው ገመድም በጀርባው ላይ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ባለው የብረት ቀለበት ላይ ይያያዛል። በወገቡ ጎንና ጎን ያሉት ቀለበቶች ሠራተኛው በሥራው ቦታ ተደግፎ እንዲቆም የተሠሩ እንጂ ውድቀትን ለመያዝ የተሠሩ አይደሉም። በገበያ ላይ የወገብ ብቻ የሆነውም፣ ሙሉውም በአንድ ስም ስለሚሸጡ ገዢው በስሙ ሳይሆን በቅርጹ ሊለየው ይገባል።

መታጠቂያው በልክ መታሰሩን ለመመርመር በጭኑ ማሰሪያ ሥር የተዘረጋ መዳፍ ገብቶ ጭብጥ ግን የማይገባ መሆኑን ማየት ይበቃል። የላላ መታጠቂያ ሰውን አይይዝም፤ እጅግ የጠበቀ ደግሞ ሠራተኛው ከሰዓታት በኋላ ራሱ ያላላዋል።

በመታጠቂያውና በገመዱ መካከል የሚገባው ኃይል መምጠጫ ቀደም ብለን የጠቀስነውን ድንገተኛ የመቆም ኃይል የሚቀንሰው ክፍል ነው። በአነስተኛ ከረጢት ውስጥ ተጣጥፎ የተሰፋ ማሰሪያ ሲሆን፣ ሰው ሲወድቅ ስፌቱ እየተተረተረ ይረዝምና ኃይሉን ይቀንሳል። የአውሮፓ ደረጃ እንደሚያዝዘው ኃይሉ ከ6 ኪሎ ኒውተን፣ ይኸውም ከ600 ኪሎ ግራም ክብደት ጥቂት ከሚበልጥ መጠን ማለፍ የለበትም። ስፌቱ አንድ ጊዜ የተተረተረ መምጠጫ ዳግመኛ አያገለግልም።

ዕቃው እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ መለያውን ማንበብ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ዕቃ ኢኤን በሚሉት የላቲን ፊደላት የሚጀምር ቁጥር ይኖረዋል። ቁጥሩ ለሙሉ ሰውነት መታጠቂያ 361፣ ለኃይል መምጠጫ 355፣ ለብረት መንጠቆ 362፣ በገመድ ላይ እየተንሸራተተ ተከትሎ ሰው ሲወድቅ ለሚነክሰው መያዣ 353-2፣ ለገመዱ ደግሞ 1891 ነው። በመለያው ላይ የተሠራበት ዓመትና የተከታታይ ቁጥር ሊኖር ይገባል። መለያ የሌለው ወይም መለያው የተቆረጠ ዕቃ በርካሽ ቢገኝም አይገዛ።

ገመዱ

በገበያ ላይ ብዙ ዓይነት ገመድ አለ፤ አብዛኛውም ለዕቃ እንጂ ለሰው የተሠራ አይደለም። የቃጫ ገመድ በእርጥበት ከውስጥ ይበሰብሳል፤ መበስበሱም ከውጭ ላይታይ ይችላል። በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በቢጫ ቀለም የሚሸጠው የፕላስቲክ ገመድ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የፀሐይ ብርሃን ያደርቀዋል፤ በ160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማም ስለሚቀልጥ በብረት ላይ ሲፋተግ ራሱን ይቆርጣል። አሸዋና ውኃ ለማንሣት ያገለገለ ገመድ ምንም ጠንካራ ቢመስል ሰው አይታሰርበትም፤ የተሸከመውን የሚያውቅ የለምና።

ለሰው የሚገባው ገመድ ከናይለን የተሠራ፣ ውስጡ ጭነቱን የሚሸከም ልብ፣ ውጪው ደግሞ ልቡን የሚጠብቅ የተፈተለ ሽፋን ያለው፣ እምብዛም የማይለጠጥ ገመድ ነው። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ውፍረት 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ1891 ደረጃ «ሀ» ተብሎ የተመደበው ዓይነት ያለ ቋጠሮ ቢያንስ 22 ኪሎ ኒውተን፣ ይኸውም ከ2,200 ኪሎ ግራም ያላነሰ ኃይል መሸከም አለበት። ቋጠሮ ግን እንደ ዓይነቱ ከገመዱ ጥንካሬ ከአምስት እጅ አንዱን፣ አንዳንዱም እስከ ግማሹ ድረስ ይቀንሳል። ስለዚህ ሠራተኛው በልማድ የሚያውቀውን ቋጠሮ ሳይሆን፣ በሥልጠና የተማረውን የስምንት ቁጥር ቋጠሮ ይጠቀም፤ ወይም በፋብሪካ የተሰፋ ጫፍ ያለው ገመድ ይገዛ።

የናይለን ገመድ ሦስት ታላላቅ ጠላቶች አሉት። አንደኛው ስለት ነው፤ የቆርቆሮ ጠርዝ ጭነት የተሸከመ ገመድን በቅጽበት ይቆርጣል። ገመዱ በጠርዝ ላይ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ወፍራም ሸራ፣ የተሰነጠቀ የውኃ ቱቦ ወይም ጣውላ ማንጠፍ ግዴታ ነው። ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ ብየዳ በሚሠራበት ጣራ ላይ የእሳት ፍንጣሪ ገመዱን ያቃጥለዋል። ሦስተኛው ኬሚካል ነው፤ በተለይም የባትሪ አሲድ ናይለንን ምንም ምልክት ሳያሳይ ያደክመዋል። ገመድንና የፀሐይ ኃይል ባትሪን በአንድ ክፍል ማስቀመጥ የማይገባው ለዚህ ነው።

የሚታሰርበት ቦታ

ጥሩ ገመድና ጥሩ መታጠቂያ በደካማ ነገር ላይ ቢታሰሩ ከንቱ ናቸው። በአሜሪካ ደንብ አንድ ሰው የሚያዝበት ማሰሪያ 5,000 ፓውንድ፣ ማለትም 2,270 ኪሎ ግራም ያህል መሸከም እንዲችል ይጠበቃል። ይህን ቀለል አድርጎ ለማሰብ ኮሚቴው «በዚህ ነገር ላይ አንድ ፒክአፕ መኪና ቢንጠለጠል ይይዛል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

ይህ ጥያቄ ብዙ የተለመዱ ማሰሪያዎችን ወዲያው ያስወግዳል። የጉልላቱ መስቀል፣ የደወሉ መስቀያ፣ የአሸንዳው ብረት፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ በሚስማር የተያዘ አንድ ማገርና የብሎኬት ግድግዳ አይሆኑም። የቆመ መኪናም አይሆንም፤ ሌላ ሰው መጥቶ ሊያንቀሳቅሰው ይችላልና። ሊሆኑ የሚችሉት የኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ፣ የጣራውን ክብደት የሚሸከም ዋና ብረት፣ ወይም በባለሙያ ተሰልቶ በኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ የብረት ቀለበት ናቸው።

አብያተ ክርስቲያናቱ በዙሪያቸው ካለው ደን ሌላ ማሰሪያ ሊያገኙ ይችላሉ። ሥሩ የጸና፣ ግንዱ ወፍራምና ሕያው የሆነ የወይራ፣ የጽድ ወይም የዝግባ ዛፍ ጥሩ ማሰሪያ ነው። በአንዱ ወገን ካለው ዛፍ ግርጌ የታሰረ ገመድ በጣራው ጫፍ ላይ አልፎ በሌላው ወገን የሚሠራውን ሰው ሊይዝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ገመዱ ቆርቆሮ የሚነካበት ቦታ ሁሉ ይሸፈን፤ ገመዱ ጎንና ጎን እንዳይንሸራተት ይደረግ፤ በዛፉም ዘንድ ማንም እንዳይነካው አንድ ሰው ይቁም።

ማሰሪያው በተቻለ መጠን ከሠራተኛው ራስ በላይና በቀጥታ አናቱ ላይ ይሁን። ወደ ጎን የራቀ ማሰሪያ የወደቀውን ሰው እንደ ደወል ምላስ አወዛውዞ ከግድግዳ ጋር ያጋጨዋል። በክብ ጣራ ላይ ዙሪያውን የሚሠራ ሰው ቦታ በለወጠ ቁጥር ማሰሪያው ወይም የገመዱ አቅጣጫ መለወጥ የሚኖርበት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከእግር በታች ያለው ባዶ ቦታ

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ስሌት ይህ ነው። የወደቀው ሰው ከመቆሙ በፊት የሚያስፈልገው ርቀት ከታች ካለው ባዶ ቦታ ቢበልጥ፣ መሣሪያው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰውየው መሬት ይደርሳል።

ለምሳሌ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ማያያዣና ኃይል መምጠጫ እንውሰድ። ማያያዣው 2 ሜትር፣ መምጠጫው ተተርትሮ የሚጨምረው እስከ 1.75 ሜትር፣ ከጀርባው ቀለበት እስከ እግሩ 1.5 ሜትር፣ ለጥንቃቄ የሚተው 1 ሜትር፤ ድምሩ 6.25 ሜትር ነው። ይህ የሚለካው ከማሰሪያው ወደ ታች ነው። ስለዚህ ማያያዣውን በእግሩ ሥር ያሰረ ሰው ከእግሩ በታች ከ6 ሜትር በላይ ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ማሰሪያው ከቆመበት ወለል 2 ሜትር ከፍ ቢል ግን 4.25 ሜትር ይበቃዋል። 4 ሜትር ከፍታ ባለው የዕቃ ቤት ጣራ ላይ ማያያዣውን በእግሩ ሥር ያሰረ ሠራተኛ ታጥቆም ሳለ ያልታጠቀ ያህል ነው፤ ለእርሱ የሚሻለው ማገጃው ወይም ርብራቡ ነው።

ተንጠልጥሎ የቀረውን ማን ያወርደዋል?

ገመዱ ሥራውን ፈጽሞ ሰውየውን ቢይዘው ሥራው አላለቀም። በመታጠቂያ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ በእግሮቹ ይቋጠራል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ራሱን ሊስትና ሕይወቱ ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። ስለዚህ «የእሳት አደጋ መኪና ይጠራል» ማለት፣ በተለይ በገጠር አጥቢያ፣ ዕቅድ አይደለም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የማውረጃው መንገድ ይወሰን። ወደ ሰውየው የሚደርስ ረጅም መሰላል፣ ለብቻው የተዘጋጀ ሁለተኛ ገመድ፣ አጠቃቀሙንም የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በቦታው ይኑሩ። ማንም ብቻውን በከፍታ ላይ አይሥራ። ተንጠልጥሎ ያለው ሰው ነቅቶ ከሆነ እግሮቹን እንዲያንቀሳቅስ ይነገረው። ከወረደ በኋላም ምንም ሕመም ባይሰማው ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የቅርቡ ጤና ጣቢያ ስልክና የመጓጓዣው ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን የሚታወቅ ይሁን።

አጠባበቅና መዝገብ

ሠራተኛው ከመታጠቁ በፊት በየቀኑ ዕቃውን በዓይኑና በእጁ ይመርምር። ገመዱን በጣቶቹ መካከል እያሳለፈ የሳሳ፣ ያበጠ፣ የደረቀ ወይም ሽፋኑ የተቀደደ ቦታ ይፈልግ፤ የመታጠቂያውን ስፌት፣ የመንጠቆውን መቆለፊያና የብረቱን ዝገት ይመልከት። ከዚህም ሌላ ቢያንስ በየ12 ወሩ አንድ ጊዜ ብቁ ባለሙያ ይመርምረው። ሰው የያዘ፣ ማለትም በእውነተኛ ውድቀት የተፈተነ ዕቃ ከአገልግሎት ይወገድ፤ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበትም ተቆራርጦ ይጣል። ያልተፈተነውም አምራቹ በወሰነው ዘመን ያበቃል፤ ለጨርቅ ዕቃዎች ብዙ አምራቾች የሚያስቀምጡት ወሰን ከ10 ዓመት አይበልጥም።

ዕቃው ከፀሐይ፣ ከእርጥበት፣ ከአይጥና ከቀለም ርቆ በከረጢት ይቀመጥ። የንብረት ክፍሉም የተገዛበትን ቀን፣ የተከታታይ ቁጥሩን፣ ያወጣውንና የመለሰውን ሰው ስም፣ የተመረመረበትን ቀን በመዝገብ ይያዝ። አንድ አጥቢያ ለብቻው ለመግዛት አቅም ካነሰው አጎራባች አጥቢያዎች በወረዳ ቤተ ክህነት አማካይነት አንድ ሙሉ ዕቃ በጋራ ሊይዙ ይችላሉ፤ በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚያስፈልግ ዕቃ ነውና። በጋራ ሲያዝ ግን መዝገቡ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

ሦስት የተለመዱ አባባሎች

«ሥራው የአንድ ሰዓት ነው» ይባላል። ይሁን እንጂ መውደቅ አንድ ሰከንድ አይፈጅም፤ አንድ ቆርቆሮ ለመምታት የሚወጣውና ሙሉ ጣራ ለመክደን የሚወጣው ሰው የሚቆሙበት ከፍታ አንድ ነው።

«ሰንበት ተማሪዎቹ ለበረከት ይሠሩታል» ይባላል። በበጎ ፈቃድ የሚደረግ አገልግሎት የተወደደ ነው፤ ነገር ግን ወጣቱ ደመወዝ አለመቀበሉ አጥንቱን አያጠነክርለትም። በነፃ የሚያገለግል ሰው ከተቀጣሪው ያነሰ ጥበቃ ሊደረግለት አይገባም። ሥልጠና የሌለው በጎ ፈቃደኛ በመሬት ላይ ዕቃ በማቀበል፣ ገመድ በመጠበቅና መንገድ በመከልከል ያገልግል።

«ታቦቱ ይጠብቀዋል» የሚለው ደግሞ ከእምነት የሚነገር በመሆኑ በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል። ጌታችን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ በቆመ ጊዜ መላእክት ይይዙሃልና ራስህን ወርውር ለሚለው ፈታኝ እሺ አላለውም። ጥበቃን ማመንና ጥበቃን መፈታተን የተለያዩ መሆናቸውን ካህናት አባቶች ከማንም በላይ ሊያስተምሩ ይችላሉ። ቃሉ ከእነርሱ ሲሰማ ሠራተኛውም ገመድ መታጠቅን የፍርሃት ምልክት አድርጎ አያየውም።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር እናሳስባለን። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው በቀትር ፀሐይ በጣራ ላይ ቢውል ሊያዞረው ይችላል። የከፍታ ሥራ በማለዳ ይሁን፤ ወይም ከጾሙ በኋላ ይቀጠር። የንግሥ በዓል መቃረቡም በዝናብ፣ በነፋስ ወይም በምሽት ለመውጣት ምክንያት አይሁን። ያልተቀባ ጉልላት በዓሉን አያጎድለውም።

ጉባኤው ከመወሰኑ በፊት

ቀጣዩን የእድሳት ዕቅድ የምታጸድቁ የኮሚቴ አባላት እነዚህን ጥያቄዎች በቃለ ጉባኤ ላይ እንድታሰፍሩና መልሳቸውን እንድትጽፉ እንመክራለን።

1. ከዚህ ሥራ የትኛው በመሬት ላይ ሊሠራ ይችላል?
2. ለቀሪው መከታ ያለው ርብራብ ይቻላል? ካልተቻለ ማገጃ ነው ወይስ መያዣ የሚያስፈልገው?
3. ገመዱ በምን ላይ ይታሰራል? ጽናቱንስ ማን አረጋገጠ?
4. መታጠቂያው፣ መምጠጫውና ገመዱ መለያ አላቸው? መቼ ተመረመሩ?
5. ከታች ያለው ባዶ ቦታ ስንት ሜትር ነው? በአቅራቢያው የኤሌክትሪክ መስመር አለ?
6. ሰው ተንጠልጥሎ ቢቀር እነማን፣ በምን ያወርዱታል?
7. ሥራው ለተቋራጭ የተሰጠ ከሆነ እነዚህ ሁሉ በውሉ ውስጥ ተጽፈዋል?

ከሰባቱ አንዱ መልስ ካጣ ሥራው ይቆይ። የሚያፈስ ጣራ አንድ ወር ቢዘገይ በባልዲ ውኃ ይቀበሉለታል። ለወደቀ አባት ግን በልጆቹ ዘንድ ምትክ የለውም። በዝርዝሩ ላይ ከቆርቆሮውና ከሚስማሩ በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ገመዱ ይጻፍ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።